የቀሩት ሰዎች ድርሻ

ወይዘሮ ኛን ውሸት አይወዱም። ስለ ቶዋ ግን ዋሽተዋል፣ ያውም ዓይናቸውን በጨው ታጥበው።

ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ በራቸው ላይ ቆማ "ደህና ዋሉ አክስቴ፣ የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ ነው" ስትል፣ ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ነው ከየት እንደመጣች ያወቁት። የሰሜን ቬትናም ሰው ናት። ኧረ ሰሜን ብቻ አይደለችም፣ የሃኖይ ሬዲዮ ራሱ ሻንጣ ይዞ የመጣ ነው የሚመስለው! በእኛ ሰፈር፣ በምዕራብ ሲድኒ፣ እንዲህ ያለ አነጋገር ይዞ ዓሣ ለመግዛት መሰለፍ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን ሳይጎን በሰሜኖቹ እጅ ከወደቀች በኋላ በጀልባ ያመለጥን ነን፤ ያንን አነጋገር የምናውቀው ካሰሩን ሰዎች አፍ ነው። ወይዘሮ ኛን በሩን ሊዘጉት እጃቸው ሄዶ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ በዚያ ብርድ ካልሲ እንኳ የላትም፣ በነጠላ ጫማ ነው የቆመችው።

"ግቢ እስኪ፣ ጣትሽ እኮ ጠቁሯል" አሏት። ገባች፤ በዚያው ቀረች።

ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም። መጀመሪያ የመጣችው የማዶዋ ቢክ ናት። እሷን አንቱ ለማለት ምላሴ አይታዘዝልኝም፣ ትታገሠኝ። ቢክ ማለት ወይዘሮ ኛን በየዓመቱ ሟች ባላቸውን በሚያስቡበት ቀን ጠግባ በልታ፣ ደግማ፣ ልትወጣ ስትል "የዓሣው ስጎ ግን አነሰ" የምትል ሴት ናት።

"ያቺ ልጅ አነጋገሯ ምንድን ነው?" አለች።

"የሃምሳ አራቶቹ ወገን ናት" አሉ ወይዘሮ ኛን ጎመን እየቀነጠሱ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

"እህ!" አለች ቢክ፣ ፊቷ ፈታ ብሎ።

አለቀ። በእኛ ዘንድ ይቺ አንዲት ቃል ትበቃለች። በፈረንጆቹ ሃምሳ አራት አገር ለሁለት ሲከፈል ኮሚኒስቶቹን ሸሽተው ከሰሜን ወደ ደቡብ የወረዱ ሰዎች አሉ፤ አነጋገራቸው የሰሜን ነው፣ ቁስላቸው ግን የእኛው ነው። እነሱንም ልጆቻቸውንም ማንም ምንም አይላቸውም።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ኪየም ራሳቸው የሃምሳ አራት ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የእናታቸውን እጅ ይዘው መርከብ የተሳፈሩ። ከወይዘሮ ኛን ባል ከሳንግ ጋር በአንድ ጦር ተዋግተዋል፣ በኋላም በአንድ የተሃድሶ ካምፕ ታስረዋል። እሳቸው ወጡ፣ ሳንግ አልወጣም። ቶዋ የወገናቸው ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ደስታቸውን አልቻሉትም። እሑድ እሑድ መጥተው ሻይ እየጠጡ "አንድ ነገር አውሪ እስኪ፣ ምንም ይሁን፣ እናቴ ትዝ ትበለኝ" ይሏታል። ቶዋም ስለ ነርስነት ትምህርቷ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት፣ ስላገኘችው ሁሉ ታወራላቸዋለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። "ለመሆኑ አያቶችሽ ከየት መንደር ናቸው?" ሲሏት ግን ሻይ ልትጨምር ብድግ ትላለች። ወይዘሮ ኛን ይህን ባዩ ቁጥር ወሬ ያስቀይራሉ፤ አንዴ ከአፋቸው የወጣውን ነገር ምን ያድርጉት?

ነገሩ የፈነዳው በልጃቸው በዩየን በኩል ነው። ዩየን ለአካባቢው ምክር ቤት እየተወዳደረች ነበር። አባቷን አይታ አታውቅም፤ ሲወስዱት እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። አሁን ጠበቃ ናት፣ ሃምሳ ልትደፍን ነው፣ ፎቶዋም በዳቦ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መስኮት ሁሉ ተለጥፏል፤ "የሚወክለን የሚያውቀን ይሁን" ይላል። እውነቷን ነው። የፓርቲዋ ሰዎች እኛን፣ ቻይናዎቹን፣ ካምቦዲያዎቹን፣ ላኦዎቹን፣ ሁላችንንም በአንድ ከረጢት ከተው "እስያውያን መራጮች" ነው የሚሉን፤ ከረጢቱን ፈትቶ ውስጡን ያየ የለም። ዩየን ደግሞ እዚያው ከረጢት ውስጥ ያደገች ናት። ታዲያ እሷ እንዴት ትሳሳት?

ተሳሳተች። በኳስ ነው የተሳሳተችው። የአገር ቤቱ ቡድን ዋንጫ በላ፤ ቶዋና ጓደኞቿ ጨዋታውን መሀል ከተማ አይተው በባቡር ተመለሱ። ዩየን ልጅቷ በዝናብ በእግሯ እንዳትመጣ ብላ መኪናዋን ይዛ ጣቢያው ጋ ጠበቀቻት። ልጆቹ እየጨፈሩ ወጡ፣ አቀፏት፣ ስልክ ዘረጉ፣ እሷም ከእነሱ ጋር ጥርሷን ገልጣ ሳቀች። ቶዋ የለበሰችው ቀዩን ማሊያ ነው። ደረቷ ላይ ቢጫው ኮከብ ቁጭ ብሏል።

በማግስቱ ፎቶው ያልደረሰበት ስልክ አልነበረም። ያ ኮከብ ያለበት የኮሚኒስቶቹ ባንዲራ በእኛ ሰፈር እንኳን ሊለበስ በስሙም አይጠራም፤ የእኛ ባንዲራ ቢጫ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለው ነው፣ አገሩ ከካርታ ቢጠፋም። ቢክ ስልኳን ከፍ አድርጋ መንገድ ተሻግራ መጣች። "የሃምሳ አራት ወገን! ወይ የሃምሳ አራት ወገን!" አለችና ተቀመጪም ሳትባል ሄደች።

ክሬግ የሚባለው የፓርቲው ሰው ለዩየን የደወለው እናቷ ቤት ሆና ነው። ድምፁ ከስልኩ ውጪ ይሰማል።

"አልገባኝም" አለ። "ይሄ የቬትናም ባንዲራ አይደለም እንዴ?"

"ነው" አለች ዩየን።

"እናንተስ ቬትናሞች አይደላችሁም?"

"ነን።"

"ታዲያ?"

ዩየን ስልኩን ደረቷ ላይ ደፍታ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ይህን ለክሬግ ለማስረዳት ዕድሜስ ይበቃል?

ከሰዓት በኋላ አቶ ኪየም መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም።

"እትዬ ኛን፣ እኔን? እኔን ያታልሉኛል?" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። "ያቺን ልጅ እየሰማሁ እናቴን አስብ ነበር። በእናቴ ተጫወታችሁብኝ እኮ!"

"ጋሽ ኪየም፣ ውሸቱ የእኔ ነው። ልጅቷ አልዋሸችም።"

"ዝም ብላለች፤ ያው ነው።" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። "ሰዉ ነድዷል። ይዤው ያለሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ከዚህ ቤት ትውጣ። ዩየን ደግሞ የማኅበሩ አዳራሽ ትምጣና በባንዲራችን ፊት ጎንበስ ብላ ይቅርታ ትጠይቅ። ከዚያ እሑድ መታሰቢያው ነው፤ እንደ ልማዳችን መጥተን ሳንግን እናስባለን።"

"አለዚያስ?"

"አለዚያ ማንም ደጅዎን አይረግጥም። እኔም ጭምር።" ይህን ብለው ተነሡ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዩየን አባቷን የምታውቀው በዚያ ቀን ከሚመጡት ሽማግሌዎች አፍ ነው። ሳንግ በሳቀ ቁጥር እንዴት እንደሚያስነጥሰው፣ ገና ሳትወለድ ስም እንዴት እንዳወጣላት፣ ካምፕ ውስጥ ካሳቫ ሲታደል ከሥራ ያልተመለሰውን ሰው ድርሻ ሳያስቀምጥ እንደማይጎርስ፣ ሁሉንም ከእነሱ ነው የሰማችው። የካሳቫውን ታሪክ አቶ ኪየም በየዓመቱ ይነግሯታል፤ በቃሏ ታውቀዋለች፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ ትሰማዋለች።

"እማ፣ እስከ ምርጫው ብቻ" አለች ዩየን። "ሌላ ክፍል እኔ እፈልግላታለሁ።"

"ምን አጠፋች?"

"ምንም! እኔስ ምን አጠፋሁ? ዕድሜ ልኬን ነጮቹ 'እስያዊት' ሲሉኝ ኖርኩ፣ የእኛዎቹ ደግሞ ዛሬ ተነሥተው ኮሚኒስት አሉኝ። የአባቷን ገዳዮች አቀፈች አሉኝ እኮ እማ! እኔን!"

አለቀሰች። ዩየን ስታለቅስ ወይዘሮ ኛን ብዙ ጊዜ አላዩም። አንጀታቸውን በላችው። ልጃቸውን ሊያቅፏት ፈለጉ፣ እሺ ሊሏትም ፈለጉ፤ ከሁለቱም በፊት ግን እግራቸው ወደ ጓሮው ክፍል ወሰዳቸው። የሄዱት ልጅቷን "ውጪልኝ" ሊሏት ነው። እውነቱ ይኸው ነው፣ ምን አስዋሸኝ።

ቶዋ ቀድማቸዋለች፤ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነው። መስኮቱ ሥር ሩዝ የሞላበት ብርጭቆ ተቀምጧል፣ ሩዙ ላይ ነድዶ ያለቀ የዕጣን እንጨት ተተክሏል።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ ወይዘሮ ኛን።

ደነገጠች። "ይቅርታ አክስቴ፣ ቤቱን እንዳላቃጥል ተጠንቅቄያለሁ። የወንድ አያቴ ነው። ዛሬ ቀኑ ነው።"

"የት ነው የሞተው?"

"ደቡብ። የት ጋ እንደሆነ አናውቅም። ወታደር ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም፣ አጥንቱም አልተገኘም። የሞተበትን ቀን ስለማናውቅ ሴት አያቴ የምታስበው ከቤት የወጣበትን ቀን ነው።"

ወይዘሮ ኛን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የሳንግም ቀን አይታወቅም። ታሞ ከነ ኪየም ካምፕ ወደ ሌላ ቦታ ከወሰዱት በኋላ መቼ እንደሞተ፣ የት እንደቀበሩት የነገራቸው የለም። የሚያስቡት ስንቁን በጨርቅ ቋጥሮ ከቤት የወጣበትን ቀን ነው። በየዓመቱ ዕጣን ሲለኩሱ ይህ መከራ የእኛ የተሸናፊዎቹ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ማን ያውቃል፣ የዚህች ልጅ አያት በሳንግ ላይ ተኩሶ ይሆናል፤ ሳንግም በእሱ ላይ። ያቺ አሮጊት ግን ሰሜን ሆና በር በሩን ስታይ ኖራለች፣ ልክ እንደሳቸው። ወይዘሮ ኛን ተናደዱ፣ አዘኑ፣ የቱ እንደበለጠ ሳያውቁት እንባቸው ወረደ።

"ሻንጣሽን ፍቺ" አሏት። "እሑድ የሚያግዘኝ ሰው የለኝም። ያንን ማሊያ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ቅበሪልኝ።"

"እትዬ ዩየንስ? ምርጫውስ አክስቴ?"

"ዩየን ልጄ ናት፣ ትቆጣኝ። መብቷ ነው።"

ተቆጣች። በሩን ደብድባ ዘግታ ሄደች፤ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ አላነሣችም።

በእኛ ባህል ለሙት ቀን ማንም አይጋበዝም፤ ቀኑን ያስታወሰ ራሱ ይመጣል። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። የቀረ ሰው "አልተጠራሁም" ብሎ አያመካኝም፣ የተቀረበትም ሰው ራሱን የሚያጽናናበት ነገር የለውም። ወይዘሮ ኛን ግን እንደ ወትሮው መንደር የሚያጠግብ ሠሩ። የአሳማ ሥጋውን ከነእንቁላሉ በኮኮናት ውሃ አበሰሉ፣ መራራውን ቅል በሥጋ ሞልተው ሾርባ አደረጉት። ቶዋ አጣባቂውን ሩዝ በእንፋሎት አበሰለች፣ ጥቅልሎቹን ጠቀለለች። ተጣጣፊ ወንበሮቹ ከጋራዥ ወጥተው ጓሮው ውስጥ ተደረደሩ። ሁሉም ሲያልቅ ወይዘሮ ኛን የቶዋን የሩዝ ብርጭቆ አመጡና ከሳንግ ፎቶ ጎን፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው አስቀመጡት።

"አይሆንም አክስቴ፣ ሰው ያያል!" አለች ቶዋ።

"የቱ ሰው? ዝም በዪና ሾርባውን አማስዪ።"

እውነትም ማንም አልመጣም። ዩየን ብቻ መጣች። "አባቴ ነው፤ ወዴት እሄዳለሁ?" አለች እንዳኮረፈች፣ ዕጣን ለኮሰች፣ ብርጭቆዋን ልብ አላለችም። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ባዶ ወንበሮቹን አየችና አንዱ ላይ ተቀመጠች።

"ዘንድሮ የካሳቫውን ታሪክ የሚነግረኝ የለም ማለት ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ወይዘሮ ኛን ይህን ሲሰሙ ያደረጉት ሁሉ ስሕተት መሰላቸው። ምን ዓይነት እናት ነኝ፣ ልጄን ከአባቷ ሰዎች ለየኋት አሉ በልባቸው። ከመንገዱ ማዶ የቢክ መጋረጃ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል።

ሾርባው ደጋግሞ ከሞቀ፣ ደጋግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የበሩ ደወል ጮኸ። አቶ ኪየም ናቸው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው።

"የመጣሁት ለሳንግ ነው" አሉ። "እናንተን አኩርፌያለሁ።"

"እንዳኮረፉ ይግቡ" አሉ ወይዘሮ ኛን።

ዕጣኑን በሁለት እጃቸው ይዘው በፎቶው ፊት ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ብርጭቆዋን አዩ። "ይቺ የማን ናት?"

ወይዘሮ ኛን ሌላ ውሸት አፋቸው ላይ መጥቶላቸው ነበር፣ ያውም የሚያምር። ዋጡት።

"የቶዋ አያት ናት" አሉ። "የሰሜን ወታደር ነበር። አጥንቱ አልተገኘም፣ የሞተበት ቀን አይታወቅም። የሚያስቡት ከቤት የወጣበትን ቀን ነው። እንደ ሳንግ።"

ዩየን ከጓሮው በር ላይ ሆና ሰማች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ኪየም ዕጣናቸውን እንደያዙ ቀሩ፣ አመዱ ጫማቸው ላይ ረገፈ። ብርጭቆዋን አንሥተው የሚወረውሯት መስሏቸው ወይዘሮ ኛን ጠጋ አሉ። አልወረወሯትም። ዕጣኑን ሳንግ ፊት ተክለው ወጥ ቤቱ በር ላይ ወደ ቆመችው ልጅ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ከየት መንደር ነሽ? ዛሬ ሻይ የሚባል ነገር የለም፣ ቁሚና መልሺ።"

"ከናም ዲን ነኝ አያቴ" አለች ቶዋ። "ወደ ባሕሩ፣ ከጨው እርሻው አጠገብ።"

"ከጨው እርሻው አጠገብ" አሉ አቶ ኪየም ቀስ ብለው። "ገበያው ፊት ለፊት ኩሬ ነበር።"

"አሁንም አለ። ግማሹን ደፍነው መንገድ አደረጉት። ዳክዬዎቹ ግን መንገዱ ላይ ይተኛሉ፣ መኪና ቢያጮህባቸው አይነሡም።"

አቶ ኪየም ሳቅ አመለጣቸው። እየሳቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ያኔም አይነሡም ነበር!" አሉ። "አጎቴን ከነብስክሌቱ የጣሉት እነሱ ናቸው።" ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አልታረቅኩም። ርቦኛል።"

በሉ፣ ጥሩ አድርገው በሉ። ቶዋን "አውሪ" አሏት፤ ስለ ኩሬው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሴት አያቷ የጨው መሰብሰቢያ አወራችላቸው። ከዚያ ዩየንን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። "አባትሽ ካሳቫ ሲታደል" ብለው ጀመሩ፣ እንደ ወትሮው። ዩየን ጉልበቷን አቅፋ እንደ ልጅ ሰማች። "ሁላችን በረሃብ ዓይናችን ፈጥጦ እያለ፣ 'ቆዩ፣ የቀረ ሰው አለ፣ ድርሻው ይቀመጥ' ይል ነበር..."

እዚህ ላይ ቆሙ። ቀና ብለው የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች አዩ። ስንት ዓመት ሙሉ የተናገሩትን ነገር ገና ዛሬ ራሳቸው የሰሙት ይመስል ነበር።

"እትዬ ኛን" አሉ በኋላ፣ "ክዳን ያላቸው ዕቃዎች አሉ?"

ሞልቷል! በእኛ ልማድ ከሙት ቀን ቤት እንግዳ ባዶ እጁን አይወጣም፤ ድርሻውን በዕቃ ይዞ ይሄዳል። ወይዘሮ ኛን ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት የፕላስቲክ ዕቃ ጓዳ ውስጥ ተቆልሏል። "ለርስዎ አንድ ይበቃዎታል?" አሉ።

"ለእኔ አይደለም። ለቀሩት። ለሁሉም።"

ወይዘሮ ኛን ገባቸው። የሙት ቀን ምግብ በራፍ ድረስ መጥቶለት የሚመልስ ሰው በእኛ ዘንድ የለም፤ የተጣላም ቢሆን፣ ያኮረፈም ቢሆን። ለሟቹ ነውር ነው።

"ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም" አሉ አቶ ኪየም። "እኔ እነዳለሁ፣ ቶዋ ታደርሳለች።"

ልጅቷ ፊቷ ነጣ። "እኔን እኮ ይጠሉኛል አያቴ።"

"ይጥሉሽ። 'የሳንግ ድርሻ ነው' በዪና ስጪ፣ ሌላ አትጨምሪ። አነጋገርሽንም እንዳትቀይሪ።"

"እኔም ልምጣ?" አለች ዩየን።

"አንቺ ተወዳዳሪ ነሽ፣ የድምፅ ልመና ይመስልብናል። ሰሃን እጠቢ።"

ዩየን ሳቀች፣ ከስንት ቀን በኋላ። "አዳራሹስ? ይጠይቁኛል እኮ።"

"እኔንም ይጠይቁኛል። የማን ልጅ ናት ሲሉኝ የመንደሬ ልጅ ናት እላለሁ። ይመርጡሽ አይመርጡሽ እንጃ፤ ያንን ማሊያ ደግሞ እስክሞት አልወደውም።"

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቢክ ቤት ነው። መኪናው መንገዱን ብቻ ተሻግሮ ቆመ። ወይዘሮ ኛንና ዩየን አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። ቶዋ ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛ አንኳኳች። ቢክ ከፈተች፤ ልጅቷን አየች፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጡትን አቶ ኪየምን አየች። ቶዋ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለች። ቢክ እጇን አልዘረጋችም። ልጅቷ እንዳጎነበሰች ቀረች። ዝጊባትና እኔና አንቺ አሉ ወይዘሮ ኛን በልባቸው፣ የአጥሩን ብረት አንቀው።

ቢክ ተቀበለች። በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ውስጡን አየችና አንገቷን አስግጋ ጮኸች፤

"ኛን! ስጎው የታለ? በየዓመቱ እንዲህ ነሽ!"

ወይዘሮ ኛን የአጥሩን ብረት ለቀቁ። እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ዩየን፣ የስጎውን ጠርሙስ አምጪ!" አሉ። "ትልቁን!"